ፍሪትዝ ዝዊኪና የሚፈነዱት ከዋክብት

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት መኪና ብቻ ብትኖርና በአንድ ቀን አሥር ሰዎች ቢፈልጓት፣ ለማን ትሰጥ የሚለው ነገር ምን ያህል ጭቅጭቅ እንደሚያስነሣ ሥራ የያዙት ወጣቶች አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ በሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዘንድም አለ። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ደመናም ጨረቃም የሌለባቸው ሌሊቶች እንደ ልብ አይገኙም፤ በእነዚያ ሌሊቶች ሰማዩን ለማየት የሚሻው ሊቅ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የየሌሊቱ ሰዓት ከብዙ ወራት በፊት እየተቈጠረ ይታደላል።

ጋላክሲ የሚመረምር ሰው ተራው እስኪደርስ ቢጠብቅ የሚጐዳው ነገር የለም። ጋላክሲው ዘንድሮም ከርሞም በቦታው ነው። ሱፐርኖቫ የሚመረምር ሰው ግን እንዲህ አይመቸውም። ሱፐርኖቫ ማለት አንድ ኮከብ በዕድሜው መጨረሻ ፈንድቶ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ቢሊዮን ፀሐዮች ሲያበራ ነው። መቼና የት እንደሚፈነዳ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ከፈነዳም በኋላ ድምቀቱ በየቀኑ ይለወጣል፤ ጥቂት ወራት ካለፉም ይደበዝዛል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ኮከብ በድንገት በታየ ጊዜ የትልቁ ቴሌስኮፕ ሰዓት ከማን ተወስዶ ለማን ይሰጥ? ይህን ጥያቄ በሥራውም በጠቡም ከሁሉ አስቀድሞ ያስነሣው፣ ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ፍሪትዝ ዝዊኪ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዝዊኪ የተወለደው የካቲት ወር 1898 በቡልጋሪያ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለችው በቫርና ከተማ ነው። አባቱ ከስዊስ አገር የመጣ ነጋዴ፣ እናቱ የቼክ ተወላጅ ነበሩ። ስድስት ዓመት ሲሆነው የአባቱን አገር ትምህርት እንዲማር ግላሩስ ወደምትባለው ተራራማ አውራጃ ወደ አያቶቹ ተላከ። ንግድ እንዲማር ታስቦ ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1922 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1925 በሮክፌለር ድርጅት ርዳታ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፓሳዴና ከተማ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም ወዲያ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። ዜግነቱን ግን አልለወጠም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ስዊሳዊ ነበር።

ጠባዩን የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ አስቸጋሪ ሰው ነበር። ተራራ መውጣት የሚወድ፣ ጕልበተኛ፣ ያሰበውን ሳይናገር የማያድር፣ ሰው ይቀየመኛል ብሎ የማይሠጋ ነበር። የሚጠላቸውን ባልደረቦቹን እንደ ኳስ ድቡልቡል ናቸው፣ ከየትኛውም ወገን ቢያዩአቸው መጥፎነታቸው ያው ነው እያለ ይሰድባቸው ነበር ይባላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሐሳብ ጆሮ የሚሰጥ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በ1933 ጋላክሲዎች ከሚታየው ነገር ይልቅ በማይታይ ነገር ክብደት ተይዘው ይኖራሉ ብሎ የጻፈው ጽሑፍ አርባ ዓመት ያህል የሚያስታውሰው ሳያገኝ ቀረ። ይህ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና ለሌላ እሑድ እናቈየው።

በፓሳዴና አጠገብ ካለው ከዊልሰን ተራራ ላይ፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ተወዳዳሪ ያልነበረው ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ ይገኝ ነበር። እዚያ ከሚሠሩት ሊቃውንት አንዱ በ1931 ከጀርመን የመጣው ዋልተር ባዴ ነው። ባዴ ረጋ ያለና ጠንቃቃ ተመልካች ነበር፤ ዝዊኪ ደግሞ ሐሳቡ ከዚህም ከዚያም የሚፈልቅ ሰው ነበረ። ሁለቱ በጀርመንኛ እየተጫወቱ ወዳጅ ሆኑ። በ1885 በአንድሮሜዳ ጋላክሲ ውስጥ የታየው ኮከብ በጣም ብርቱ ነበር፤ ሁለቱ ሊቃውንት በዚህና እርሱን በመሳሰሉት ላይ ካሰቡ በኋላ፣ እነዚህ ከተራዎቹ አዳዲስ ከዋክብት የተለየ ወገን ናቸው ብለው ቈረጡ። በ1933 መጨረሻ ላይ ለፊዚክስ ሊቃውንት ጉባዔ ሱፐርኖቫ በሚለው ስም አስታወቁት፤ በተከታዩም ዓመት በጽሑፍ አወጡት። ከዚያም አልፈው፣ ኮከቡ ሲፈነዳ ውስጡ ተጨምቆ ኒውትሮን በሚባሉት ደቂቅ ነገሮች ብቻ የተሞላ ትንሽና እጅግ ከባድ ኮከብ ሆኖ ይቀራል አሉ። ኒውትሮን ራሱ ከተገኘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር! ነገሩን ብዙዎቹ እንደ ሕልም ቈጠሩት።

ሕልም እንዳልሆነ ለማስረዳት የሚፈነዳ ኮከብ ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ ማግኘት ብቻም ሳይሆን ገና ደምቆ ሳለ ማግኘት። እስከዚያ ጊዜ የታዩት ሁሉ በአጋጣሚ የተገኙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ዘግይተው። ዝዊኪ በኢንስቲትዩቱ ጣራ ላይ ሌንሷ ሦስት ኢንች ተኩል የሆነች ካሜራ አቁሞ ብዙ ጋላክሲዎች የተሰበሰቡበትን የሰማይ ክፍል ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር። አንዳችም ሱፐርኖቫ አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቈርጦ ይተወው ነበር። እርሱ ግን ስሕተቱ በሐሳቡ ሳይሆን በካሜራው ላይ ነው አለ፤ እውነትም ነበረ።

መድኃኒቱን ያገኘው በሐምቡርግ አጠገብ ይሠራ ከነበረው ከበርንሃርድ ሽሚት ዘንድ ነው። ሽሚት በልጅነቱ በባሩድ ሲጫወት ቀኝ እጁን ያጣ፣ በአንድ እጁ ብቻ መስተዋት እየሞረደ የሚኖር የኢስቶኒያ ተወላጅ ነበር። በ1930 ግድም የሠራው አዲስ ካሜራ ሰፊ የሰማይ ክፍልን ጠርዙ ሳይደበዝዝ በአንድ ጊዜ ያነሣል። ባዴ ሽሚትን በቅርብ ያውቀው ስለነበር ስለዚህ ካሜራ ለአሜሪካኖቹ አስረዳ። ዝዊኪም ይኸው ይሠራልኝ ብሎ ጆርጅ ኤለሪ ሄልን ነዘነዘ። ሄል በዚያን ጊዜ ከሮክፌለር ወገን በተገኘ 6 ሚሊዮን ዶላር ባለ 200 ኢንች ቴሌስኮፕ ለማሠራት የሚደክም ታላቅ ሰው ነው። ጥያቄው ተፈቀደለትና በ1936 መስከረም ባለ 18 ኢንቹ የሽሚት ካሜራ በፓሎማር ተራራ ላይ ሥራ ጀመረ። በዚያ ተራራ ላይ የመጀመሪያው ቴሌስኮፕ ይህ ትንሹ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ፊልሙ በጨለማ ውስጥ በክብ ይቈረጣል፤ ካሜራው የሚሠራው ሥዕል ጐበጥ ባለ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ ፊልሙም እንደዚያው ተለምጦ ይገባል። አንዱ ፎቶግራፍ አሥራ ሰባት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙትን ያህል ስፋት ይሸፍናል። ዝዊኪና ረዳቱ ጆንሰን ያንኑ የሰማይ ክፍል ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ደግመው ያነሡና ሁለቱን ፊልሞች ያስተያያሉ። ትናንት ያልነበረች ነጥብ ዛሬ በአንድ ጋላክሲ አጠገብ ከታየች ልብ ይደልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምትታየው ነጥብ አቧራ ወይም የፊልም ጕድለት ናት። ይህን ሥራ ሌሊት ሌሊት፣ በየወሩ፣ ያለ ማቋረጥ መሥራት ምን ያህል እንደሚያሰለች መገመት አያስቸግርም።

ትንሹ ካሜራ ግን ማግኘት እንጂ መመርመር አይችልም። የኮከቡን ብርሃን በየኅብሩ ለመበተን፣ ማለት ስፔክትረሙን ለማንሣት፣ እየደበዘዘም ሲሄድ እስከ መጨረሻው ለመከተል ትልቅ መስተዋት ያስፈልጋል። ትልቁ መስተዋት ደግሞ የሌላ ድርጅት ነው። ፓሎማር የኢንስቲትዩቱ ሲሆን ዊልሰን ተራራ የዋሽንግተኑ የካርኔጊ ተቋም ንብረት ነበር። ስለዚህ ወዳጅነት እዚህ ላይ ሥራውን ሠራ። ዝዊኪ አንድ ኮከብ ሲያገኝ ወሬው በቶሎ ወደ ዊልሰን ተራራ ይደርሳል፤ ባዴ ድምቀቱን ይለካል፤ ከናዚዎች አገዛዝ ሸሽቶ በ1935 የመጣው ሩዶልፍ ሚንኮውስኪ ስፔክትረሙን ያነሣል። ፈላጊው አንድ፣ ለኪው ሌላ፣ መርማሪው ሦስተኛ ማለት ነው። እኛ እንደሚመስለን በዝዊኪ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የተዋጣው ሥራ ይህ የሦስት ሰዎች ስምምነት ነው፤ ስሙን ከሚያስጠሩለት ከሌሎቹ ሐሳቦች ሁሉ ይልቅ።

የመጀመሪያው ሱፐርኖቫ በ1937 መጋቢት ተገኘ። ታላቁ ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ የታየው ነው። አይሲ 4182 በምትባል ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳው ይህ ኮከብ እጅግ የደመቀ ነበር፤ የጋላክሲዋን ከዋክብት ሁሉ ብርሃን በአንድነት ቢደምሩት እርሱ መቶ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ባዴ ድምቀቱን ከአንድ ዓመት በላይ ተከታተለ። ሚንኮውስኪም ለአንድ ዓመት ገደማ ስፔክትረሙን ደጋግሞ አነሣ። በስፔክትረሙ ላይ የታዩት ሰፋፊ ጥላዎችና ድምቀቶች ምን እንደሆኑ በዚያን ጊዜ የተረዳ ሰው አልነበረም። ትርጕሙ ላልታወቀ ነገር በዓለም አንደኛ ከሆነው ቴሌስኮፕ ላይ ይህን ያህል ሰዓት መስጠት ድፍረት ይጠይቃል፤ ለዚህ ኮከብ የተሰጠው እያንዳንዱ ጨለማ ሰዓት ከሌላ ምርምር ላይ የተቀነሰ ነውና።

ድፍረቱ ግን ዋጋ አገኘ። በ1941 ሚንኮውስኪ የአሥራ አራት ሱፐርኖቫዎችን ስፔክትረም አስተያይቶ ሁለት ወገን መሆናቸውን ገለጸ። ዘጠኙ እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው፤ እነዚህን አንደኛ ዓይነት አላቸው። አምስቱ ሃይድሮጅን የሚታይባቸው ሲሆኑ ሁለተኛ ዓይነት ተባሉ። ይህ ክፍፍል ለሰዓት አደላውም የሚረባ ሆነ። አዲስ ኮከብ በተገኘ ጊዜ አንድ ስፔክትረም በቶሎ ቢነሣለት ወገኑ ይታወቃል፤ ወገኑ ከታወቀ በኋላ ብዙ ሌሊት ይገባው እንደ ሆነና እንዳልሆነ መወሰን ይቻላል። የዘመናችን ሊቃውንትም ከዚህ የተለየ መንገድ የላቸውም።

ከዚያ ጦርነት መጣና ፍለጋው ቆመ። ዝዊኪ በ1943 ኤሮጄት በሚባለው ኩባንያ የሮኬት ምርምር መሪ ሆነ፤ ከጦርነቱም በኋላ ለዚሁ ሥራው የአሜሪካ መንግሥት ሜዳይ ሸለመው። ባዴ ጀርመናዊ በመሆኑ ለጦር ሥራ አልተፈለገምና በዊልሰን ተራራ ቀረ። የሎስ አንጀለስ መብራት በጦርነቱ ምክንያት ስለ ደበዘዘ ትልቁ ቴሌስኮፕ በታሪኩ አይቶ የማያውቀውን ጨለማ አገኘ፤ ባዴም በዚያ ጨለማ ተጠቅሞ ታላላቅ ሥራ ሠራ። በ1942 እርሱና ሚንኮውስኪ በ1054 የፈነዳው ኮከብ ፍርስራሽ በሆነው በክራብ ደመና መካከል ካሉት ሁለት ደብዛዛ ከዋክብት አንደኛውን ለይተው፣ የፈነዳው ኮከብ ቅሪት ይህ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ይህን ነገር አንባቢ ያስታውስልን፤ እንመለስበታለን።

የሁለቱ ወዳጅነት ግን በዚሁ ጊዜ ፈረሰ። ዝዊኪ የቀድሞ ወዳጁን ናዚ ነው እያለ ይሰድበው ጀመር፤ ለዚህ ስድብ ማስረጃ አልነበረውም። ባዴም ከእርሱ ጋር ብቻውን መገናኘትን እስከ መፍራት ደረሰ ይባላል። በ1948 ባለ 200 ኢንቹ የሄል ቴሌስኮፕ በፓሎማር ሲመረቅ ሁለቱ ድርጅቶች ተራሮቻቸውን በአንድ ዲሬክተር ሥር በጋራ ለማስተዳደር ተስማሙ። የሰዓቱ አደላ ግን ዝዊኪን አላስደሰተውም። እነ ሀብልና ባዴ የፈለጉትን ሲያገኙ እኔ ከትልቁ ቴሌስኮፕ ተገፋሁ እያለ ዕድሜውን ሙሉ አማረረ፤ በመጨረሻም በ1971 ባሳተመው የጋላክሲዎች መዝገብ መቅድም ላይ ባልደረቦቹን በጽኑ ቃል ወረደባቸው።

በደሉ እውነት ነበርን? እኛ ፍርዱን በአንድ ወገን ላይ ብቻ መጣል አንችልም። ሰዓት የሚያድሉ ሰዎች ሰዎች ናቸውና ከሚሰድባቸው ይልቅ ከሚስማማቸው ጋር መሥራት ይቀላቸዋል። በሌላ ወገን ደግሞ ፓሎማርን በትንሽ ካሜራ የከፈተው ሰው የትልቁን በር ከደጅ ሲመለከት መኖሩ ያሳዝናል። የተጐዳው ግን ሁለቱም ወገን አይደለም፤ የተጐዱት ኮከቦቹ ናቸው ብንል ያስቃል እንጂ ከእውነት አንርቅም። ዝዊኪ ከ1958 ጀምሮ በባለ 48 ኢንቹ የሽሚት ቴሌስኮፕ ፍለጋውን ቀጥሎ በዕድሜው 120 ያህል ሱፐርኖቫዎችን አገኘ፤ በዘመኑ ይህን ያህል ያገኘ ሌላ ሰው የለም። ከእነዚህ ግን ብዙዎቹ ስፔክትረም ሳይነሣላቸው ጠፉ። ከየትኛው ወገን እንደ ነበሩ እንኳ ሳይታወቅ በመዝገብ ላይ ቀንና ቦታ ብቻ ሆነው ቀሩ።

ይህ ኃይለኛ ሰው ሌላም ገጽ ነበረው። ጦርነቱ ላቃጠላቸው አገሮች የሳይንስ ቤተ መጻሕፍት የሚሆኑ መጻሕፍትና መጽሔቶች የሚሰበስብ ኮሚቴ መርቶ ብዙ ቶን መጻሕፍት ወደ ውጭ አገር ላከ። ባልደረቦቹን በስድብ የሚያባርር ሰው፣ የማያውቃቸው ተማሪዎች መጽሐፍ አጥተው እንዳይቀሩ በገዛ ጕልበቱ ይደክም ነበር።

ባዴ በ1960 ሞተ፤ ዝዊኪ ግን የ1934ቱ ሕልም እውን ሲሆን ለማየት ቈየ። በ1967 በእንግሊዝ አገር ጆስሊን ቤል በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የሚርገበገብ ኮከብ አገኘች። በተከታዩ ዓመት እንዲህ ያለው ኮከብ በክራብ ደመና ውስጥም ተገኘ፤ በ1969 መጀመሪያም የትኛው እንደ ሆነ በዓይን ብርሃን ተለየ። በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ያህል የሚያበራ የሚጠፋው፣ ባዴና ሚንኮውስኪ በ1942 ያመለከቱት ያው ኮከብ ነበረ። ስፋቱ ሃያ ኪሎሜትር ያህል ብቻ የሆነ የኒውትሮን ኮከብ ነው። ዝዊኪ በ1972 የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ፤ የካቲት 8 ቀን 1974 በፓሳዴና ሞተ፤ የተቀበረው ግን ባደገበት በግላሩስ፣ ሞሊስ በምትባለው መንደር ነው።

ስለ ሥራው ተከታይ ጥቂት ሳንናገር ብንተው ታሪኩ ጐደሎ ይሆናል። በ1992 አለን ሳንዴጅና ባልደረቦቹ በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የአይሲ 4182ን ርቀት ለኩ። ርቀቱ ሲታወቅ፣ ባዴ ከ55 ዓመት በፊት የመዘገበው ድምቀት የአንደኛው ዓይነት ሱፐርኖቫ እውነተኛ ብርታት ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ጠቀመ። ለዚያች ለ1937ቷ ኮከብ ሰዓት ባይሰጥ ኖሮ ይህን ልኬት ከየትም ማምጣት አይቻልም ነበር፤ ኮከቧ ከጠፋች ቈይታለችና።

በ1990ዎቹ ዓመታት ሶል ፐርልሙተር በሚመራው ቡድን ላይ የደረሰው ችግርም የዝዊኪው ነበር። አዳዮቹ ሱፐርኖቫ ሳይኖርህ ሰዓት አንሰጥም ይላሉ፤ ሱፐርኖቫው ሲገኝ ደግሞ ሰዓቱ ለሌላ ተሰጥቷል። ቡድኑ ዘዴ ፈጠረ። ጨረቃ ከጠፋች በኋላ ወዲያው በሺህ የሚቈጠሩ ጋላክሲዎችን ያነሣል፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ጨረቃ ዳግመኛ ልትጠፋ ስትል ያንኑ ይደግማል። በመካከሉ የፈነዱት ገና በድምቀታቸው ሳሉ ይገኛሉ፤ ጨለማዎቹ ሌሊቶችም አስቀድመው ተይዘዋል። በዚህ መንገድ እርሱና ተወዳዳሪው ቡድን በ1998 የዓለመ ሰማይ መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱን አስታወቁ፤ በ2011ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

አሁን ችግሩ ተገልብጧል። ኮከብ ማግኘት ቀላል ሆኖ መመርመሩ ከባድ ሆነ። በ2025 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን ያሳየው በቺሊ ያለው የሩቢን ቴሌስኮፕ፣ በአንድ ሌሊት በሰማይ ላይ የተለወጠ ነገር በሚሊዮን እየቈጠረ እንዲያስታውቅ የተሠራ ነው። ለዚህ ሁሉ ስፔክትረም የሚያነሣ መስተዋት በምድር ላይ የለም። የትኛው ይቅደም የሚለውንም አሁን ኮምፒዩተሮች አስቀድመው ያበጥሩታል፤ ቅርብ የሆነው፣ ከፈነዳ ሰዓታት ብቻ የሆነው፣ ጠባዩ ከታወቁት የተለየው ወደ ፊት ይመጣል።

ዝዊኪ ይሠራበት በነበረው በባለ 48 ኢንቹ ላይ ደግሞ አዲስ ካሜራ ተተክሎ በ2018 ሰማዩን መጠበቅ ጀመረ፤ ስሙም በዝዊኪ ተሰየመ። ከሚያገኛቸው ከዋክብት የደመቁትን በዚያው ተራራ ያለው ባለ 60 ኢንች ቴሌስኮፕ በፍጥነት ይለያቸዋል። ተመርጠው ለቀሩት ጥቂቶች ግን ሰዓት የተሰጣቸው በባለ 200 ኢንቹ ላይ ነው፤ ዝዊኪ ተገፋሁበት ባለው።